ሬሳ አስቀምጠን ሥልጣን ስንለካካ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ይብረድልኝ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልበረደልኝም።

ባለፈው ጥር ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ ከተማ፣ አንድ ቀብር ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። ቲክቶክ ላይ የተለቀቀው አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጩኸት ነው። ያልተቀረፀውን ልንገራችሁ፤ እዚያው ነበርኩ።

የሞቱት እናት የአገራችን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ጴንጤ ሆኑ ተብሎ ዘመድ ፊቱን አዙሮባቸው ነበር። በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ብሎ አከበራቸው። ባለቤታቸው ከጉራጌ አገር ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ካቶሊክ ናቸው። በከተማዋ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሰውየው እሁድ እሁድ ሚስታቸውን እስከ ቸርቹ በር ይሸኙና ጎን ካለችው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ተያይዘው ወደ ቤት ነው። ጎረቤት አንድ ቀን በሃይማኖት ሲጣሉ አልሰማም።

ሴትዮዋ ሳይታሰብ ሞቱ። የእድሩ ጥሩንባ ሌሊት ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። ባልየው ከአዲስ አበባ ቄስ አስጠሩ። ቄሱም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደረሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ነገሩ የተበላሸው መቃብሩ በር ላይ ነው። ቦታው ወንጌላውያኑ በስንት ደጅ ጥናት ከማዘጋጃ ቤት ያገኙት ነው። ለምን ደጅ እንደጠኑ ታውቃላችሁ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ሬሳቸውን በግቢያችን አናስቀብርም ስላልን ነው። መከልከል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ሊያውቁ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ።

ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ቆመ። «እኅታችን የእኛ አባል ናት። ፍትሐት የሚባል ነገር እዚህ አይደረግም። ቄሱ መግባት ከፈለጉ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው እንደማንኛውም ለቀስተኛ ይግቡ» አለ።

ከቄሱ ጋር የመጣ ጎልማሳ አላስጨረሰውም። «ለመሆኑ እናንተን ማን ሾማችሁ? ክህነት ሳይኖርህ በምን ሥልጣንህ ነው ካህን የምታዘው?»

«የእኛ ሥልጣን መጽሐፍ ቅዱስ ነው! የሮሙን ሰውዬ ለራሳችሁ ያዙት!»

ጎልማሳው ማቴዎስ ምዕራፍ 16ን በቃሉ ይለው ጀመር። «አንተ ጴጥሮስ ነህ፣ በዚህችም ዓለት ላይ…» እያለ ቀጠለ። የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻዎች ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ኪሱን መታ መታ አደረገና «የዚህኛው ግን እኔ ጋ ነው» አለ።

ሰው ሳቀ። አዎ፣ ሬሳ ተቀምጦ ሰው ሳቀ።

ሳጥኑ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። የጥርን ንፋስ ታውቁታላችሁ። የሳጥኑን ጨርቅ ይገልበው ጀመር። የሟች ልጅ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጨርቁን በሁለት እጇ ተጭና ቆመች። ጭቅጭቁ እስኪያልቅ ድረስ እጇን አላነሳችም።

ቄሱም ከቁጣው አልራቁም። «እኔ ፍትሐቴን አድርሼ ልሂድ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ። ከእነሱ ጋር ግን ተራ አልይዝም» አሉ። ፓስተሩ ዳር ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እሱ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ባለቀ ነበር። አልተነፈሰም። የእድሩ ዳኛ ሁለቴ ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ሁለቴም «እርስዎ አያገባዎትም» ተባሉ። የእኛ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፃሉ።

በመጨረሻ ባልየው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። «አባታችን ሆይን ብቻ አብራችሁ በሉልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉ።

ሁለቱም ወገን በቃሉ የሚያውቃት ጸሎት ናት። የሚጀምራት ሰው ጠፋ።

ሰውየው ትንሽ ጠበቁና ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ይቅርብኝ። ይሂዱ» አሉ። ቄሱ ልብሳቸውን አጥፈው ቦርሳ ከተቱ። በሩ ተከፈተ፣ ሳጥኑ ገባ። ባልየው ግን አልገቡም። የአጥሩን ሽቦ ይዘው ከውጭ ቆሙ። ውስጥ ስለ መዳን ረዘም ያለ ስብከት ተሰበከ። አፈሩ ተመለሰ። ሰውየው ሚስታቸውን ከአጥር ውጭ ሆነው ቀበሩ።

ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ስለ ሁለቱም ጥብቅና አልቆምኩም። የሥልጣኑ ጥያቄ ከንቱ ነውም አልልም፤ ትልቅ ጥያቄ ነው። ካቶሊኮች ሥልጣን ከሐዋርያት ጀምሮ በእጅ መጫን ሲወርድ የመጣ ነው፣ የጴጥሮስ ወንበርም ሮም ነው ይላሉ። ፕሮቴስታንቶች የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፉ ነው፣ ምእመን ሁሉ ካህን ነው ይላሉ። የፕሮቴስታንቶቹ ጀማሪ ጀርመናዊው ሉተር በ1521 ከሮም የተወገዘው በዚሁ መዘዝ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። በ1870 የቫቲካን ጉባኤ ጳጳሱ በወንበራቸው ሆነው የሃይማኖት ድንጋጌ ሲያውጁ አይሳሳቱም ብሎ ሲደነግግ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከረረ። ሰው ለዚህ ሞቷል፤ አገር ለዚህ ተቃጥሏል።

ግን ስሙኝ። በዚህ ጉዳይ መነጋገር የሚገባቸው ሰዎች ተነጋግረዋል። በ1999 ጀርመን አውግስቡርግ ላይ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌደሬሽን ሰው በጸጋ ስለመጽደቁ አንድ ሰነድ ፈርመዋል። የሉተር ጠብ ዋና ጉዳይ እኮ እሱ ነበር። የኛዋ መካነ ኢየሱስ የዚያ ፌደሬሽን አባል ናት፤ ስለዚህ ወሬው የሩቅ ወሬ አይደለም። (የዚያን ቀኑ ቸርች የየትኛው ማኅበር እንደሆነ አልናገርም፤ አትጠይቁኝ።) በ1995 ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የጳጳሱ ሥልጣን እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል አብረዋቸው እንዲመክሩ በጽሑፍ ጋብዘዋል። በ2016 ጳጳስ ፍራንሲስ ስዊድን ሉንድ ድረስ ሄደው ከሉተራኑ መሪ ጋር አንድ ካቴድራል ውስጥ ጸልየዋል። ሁሉም ነገር አልቋል ማለቴ አይደለም። እስከዛሬ ከአንድ ማዕድ አይቆርቡም። አንዱ የሌላውን ክህነት እንደራሱ አድርጎ አልተቀበለም። ይህ ሁሉ እያለም አብረው ጸልየዋል።

ሥልጣን ያላቸው ሰዎች እንዲህ ሲሆኑ፣ ምንም ሥልጣን የሌለን እኛ መቃብር በር ላይ ጳጳስም ሉተርም ሆንን። ከባለቤት በላይ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሉተር ራሱ! በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል። ሉተር የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም ብሎ በደብዳቤ መስክሮለት ነው ያሰናበተው። ባልንጀራዬ ሽማግሌው፣ የአንተ በር ከሉተር በር ለምን ጠበበ?

አሁን ወደ እኛ ወደ ኦርቶዶክሶቹ ልምጣ። ከቀብር ስንመለስ ንፍሮው እየተበላ አንዱ «መናፍቅና መናፍቅ ተባሉ፤ እኛ ምን አገባን» ሲል ሰማሁት። ማታ አረቄ ቤት ይኸው ቀልድ ሆኖ አመሸ። አፈርኩ! እኛ ነን በሰው ላይ የምንስቀው? ስለ ክርስቶስ ልደት ሦስት ነው ሁለት ነው ተባብለን ሸዋን ለሁለት የከፈልን፣ እስከ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ስንወጋገዝ የኖርን እኛ? ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ ብሎ አገሩ ተላልቆ፣ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የተባለው በማን ደም ነው? ፕሮቴስታንቱ ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1839፣ ካቶሊኩ ሚስዮናዊ አባ ማሳያ በ1868 ወደ ሸዋ ሲመጡ ሁለቱንም የተቀበለ አገር ነው ይሄ። በኋላ ክራፕፍን እንዳይመለስ ዘጋንበት፤ ማሳያም በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ተባረረ። መቀበሉንም መዝጋቱንም እናውቅበታለን። የሚያሳዝነኝ ሁልጊዜ የምንደግመው መዝጋቱን መሆኑ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ዝምታችን ነው። ድንኳን የተከልን፣ መቃብር የቆፈርን፣ ሳጥን የተሸከምን እኛ ነን። ከመሃላችን አንድ ሰው «ኧረ በሕግ! ሬሳ ተቀምጦ ምንድነው ይሄ?» ቢል ኖሮ ሽማግሌው ቁልፉን ያወጣ ነበር። ሁላችንም የሌላ ሰው አፍ ጠበቅን። ቀዝቅዞናል፣ ርቦናል፣ ቶሎ አልቆ ወደ ቤታችን ብንሄድ ብለን ነው እንጂ ሃይማኖት አክብረን አይደለም።

ተስፋ ቆርጠሃል ካላችሁኝ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ባልየው ለአርባው ጠላ አስጠምቀው፣ ቄሱን መልሰው ጠርተው ቤታቸው ጸሎት አስደርገዋል። ፓስተሩ መጣ። ጸሎቱ ሲጀመር ውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ሲያልቅ ገብቶ እንጀራ በላ። ስለዚያ ቀን ቃል አልተነፈሰም። ባልየውም አላነሡበትም፤ እንዲያውም ወጥ እንዲጨመርለት አዘዙ። በቂ ነው ወይ? አይደለም። ግን መጥቷል።

እድራችንም መተዳደሪያ ደንቡን ሊያሻሽል ነው። አንድ አንቀጽ እንዲገባ ጠይቀናል። ሬሳ ከቤት ከወጣ በኋላ የሃይማኖት ክርክር አይፈቀድም፤ ሟችና ቤተሰቡ የተለያየ ሃይማኖት ካላቸው ሁለቱም ወገን በየተራ ይጸልያል፤ መስማት የማይፈልግ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ይኸው ነው። የመቃብሩን በር ቁልፍ እድሩ ሊያዝበት አይችልም፤ ቦታው የእነሱ ነው። ቢሆንም ሽማግሌዎቹን ለማነጋገር ሦስት ሰው ተመርጧል። ሁለቱ ከወዲሁ «አይሆንልንም፣ ሰው ቀይሩ» እያሉ ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው በሚያዝያ ነው። ባለፈው ዓመት ኮረም ጎድሎ ተበትነናል፤ ዘንድሮም ይጎድል ይሆናል። እባካችሁ ኑ። ውዝፍ ያለበትም ቢሆን ድምፅ መስጠት ይችላል ተብሏል።