ልጄ ብይ ተበላ

ክረምቱን ኮዬ ፈጬ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው ያሳለፍነው። በመጣን በሁለተኛው ቀን የ9 ዓመቱ ልጄ እያለቀሰ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ምን ሆነ? ብይ ተበላ። ሰባቱንም፣ አንድ ሳይቀር።

ጫማዬን አጥልቄ ወረድኩ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስንኖር የለመድኩት ይሄንን ነዋ! እዚያ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን ቤት አይተውም፤ ክልክል ነው። ጠባቂው ራሱ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሕጉ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እኛ ወላጆች ግን ከሕጉ ብሰን፣ ልጁ ከእርሳሱ ጋር ቢጣላ እንኳ ለመገላገል እንሮጣለን። ልጄ አራት የእግር ኳስ ዋንጫ አለው። ቡድኑ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ዋንጫው ለመጣ ሁሉ ነው።

እና ጭቃው ላይ ቁጢጥ ያሉትን ልጆች "ብዩን መልሱለት!" አልኳቸው። በዚያ ጎርናና ድምፄ! ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብሎኩ ሥር በቆሎ የሚጠብሱት እናት ማራገቢያቸውን አቆሙና፣ "አንተ ልጅ፣ አንተም ትጫወታለህ እንዴ?" አሉኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጄም አብሮ ሳቀ፣ ከሃዲ!

ማታ እህቴ "ችግር ልጅን ያጠነክራል" ብላ ልትፈላሰፍብኝ ሞከረች። እዚህ ላይ አልስማማም። ውሃ በፈረቃ እየጠበቁ ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ መውጣት ምን ትምህርት አለው? ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ የተወለዱ 698 ልጆችን ለዐሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በብዙ ችግር ካደጉት ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ወጣቸው። እነዚህ ልጆች አጠገባቸው ቢያንስ አንድ የሚቆረቆርላቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። አያት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም።

በቆሎ የሚጠብሱት እናት ልጄን ጠርተው ግማሽ በቆሎ ሰጡት። ስለ ብዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በማግስቱ ከአክስቱ ልጅ ሁለት ብይ ተበድሮ ወረደ። ተበላ። በሦስተኛውም ቀን ተበላ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። ሁለቴ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ሁለቴ አወለቅኩ።