ኩላሊታችንን ላደነቁልን ሁሉ

የአሜሪካን ሕክምና የሚያመሰግን ጠፍቷል። ሁሉም ስለ ቢሉ ነው የሚያማርረው። እስቲ ዛሬ እንኳ ውለታውን እንቁጠር።

እናቶቻችን ሲያዩን «ከሳህ፣ ጠቆርክ፣ ምን ነካህ?» ነው የሚሉት። ሰውነታችንን አድንቆልን የሚያውቅ ሰው የለም። የአሜሪካ ሕክምና ግን ገና በሩን ሳንዘልቅ፣ ፎርሙ ላይ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ያለችውን ምልክት ብቻ አይቶ፣ ኩላሊታችን ብርቱ፣ ጡንቻችን ፈርጣማ፣ ቆዳችን ወፍራም፣ እኛም ሕመም ቻዮች መሆናችንን ያውቅልናል። ሳይነካን፣ ሳይጠይቀን። ይህን ያህል ዕውቀት ጠንቋይ ቤት ቢፈለግ ገብስማ ዶሮ ይዘን መሄዳችን አይቀርም ነበር።

ከኩላሊቱ እንጀምር። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገመተው በደም ውስጥ ባለው ክሬቲኒን ነው። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ወጥቶ ቀጥሎ ቀለል የተደረገው ቀመር ክሬቲኒኑን፣ ዕድሜውንና ጾታውን ይወስድና ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት ነው። ሰውየው ጥቁር ከሆነ ግን ውጤቱን በ1.21 ያባዛለት ነበር። ለምን? ጥቁር ሰው ጡንቻው ይበዛል ተባለ። አለቀ። ለዚህ ማስረጃ ተብለው የተጠቀሱት ጥቂት ትንንሽ ጥናቶች ነበሩ። ግን ሙገሳ ሲመጣ ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ ወረፋ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ወንድማችን፣ ከመኪናው ሲወርድ ወገቡን ይዞ «እሰይ ጌታዬ» የሚለው፣ ጂም የሚባል ቤት በመስኮት ብቻ የሚያውቀው፣ ጡንቻው በሳይንስ ተረጋገጠለት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ታክስ የምትሠራው እህታችንም እንደዚሁ። በ2009 ሌላ ቀመር መጣና ማባዣውን ወደ 1.16 ዝቅ አደረገው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁላችንም ትንሽ ሟሽሸናል ማለት ነው።

የላብራቶሪውን ወረቀት ያየ ያስታውሰዋል። ብዙ ቦታ ሁለት መስመር ነበረው። አንዱ «ጥቁር አሜሪካዊ ካልሆነ» ይላል፤ ሌላው «ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ»። ደሙ አንድ ነው፣ ብልቃጡ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ሁለት ነው። የላይኛው 17 ካለ የታችኛው በ1.21 ተባዝቶ 20.57 ይመጣል፤ ሲጠጋጋ 21። አራት ቁጥር ምን አላት? ምንም። ብቻ አሜሪካ ውስጥ ገና የኩላሊት እጥበት (ደሙን በማሽን ማጣራት) ላልጀመረ ሰው የንቅለ ተከላ ወረፋው መቆጠር የሚጀምረው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። 17 የተባለው ያኔውኑ ይመዘገብ ነበር። 21 የተባለው «ደህና ነህ፣ ሌላ ጊዜ እናይሃለን» ተብሎ ይሸኝ ነበር። የሟች ኩላሊት የሚጠበቀው ደግሞ በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው። ያ ሁሉ ጊዜ በሳምንት ሦስቴ ማሽን ላይ ተኝቶ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ሰው አይቸግረውም።

የሚገርመው ይኸው ብርቱ ኩላሊት ነው እየከዳ ያለው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ የመውደቅ ዕድሉ ከነጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ጥንካሬ ሲበዛም ጥሩ አይደለም መሰለኝ።

(በነገራችን ላይ እናቱ የጎንደር ልጅ፣ አባቱ አየርላንዳዊ የሆነ ልጅ በየትኛው መስመር ይነበብ ነበር? በግማሽ ጡንቻ? ቀመሩ ይህን አይመልስም ነበር። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ፊቱን አይታ ትወስን ነበር።)

ከኩላሊቱ ወደ ሳንባው እንውጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያ ብርቱ ሰውነት ሳንባ ላይ ሲደርስ በተፈጥሮው ደካማ ነው ተባለ። ስፓይሮሜትር የሚባለው፣ በኃይል እፍ የሚባልበት መሣሪያ፣ የዘር ምርጫ ነበረው። ባለሙያው «ጥቁር» የሚለውን ሲመርጥ ከሰውየው የሚጠበቀው ትንፋሽ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ ነጭ «ሳንባህ ተጎድቷል» የሚባልበት ትንፋሽ ለጥቁሩ «ለአንተ ደህና ነው» ይሆናል።

ልብ በሉልኝ። ኩላሊቱ ብርቱ ነው ሲባል ወረፋ ያጣል። ሳንባው ደካማ ነው ሲባል ደግሞ በሽታው ራሱ ይጠፋና ካሳ ያጣል። ሙገሳም ሆነ ነቀፋ፣ ሒሳቡ ሲወራረድ ገንዘቡ የሚቀረው አንድ ኪስ ውስጥ ነው። በ1999 ባልቲሞር ላይ የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባቸውን የበላው ሠራተኞች ካሳ ሲጠይቁ፣ ኦዌንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ጥቁሮቹ ከሳሾች በተለየ መስፈርት ይለኩልኝ ብሎ ነበር። ብናኙን ሲያስተነፍሳቸው በዘር አልለየም። ሲከፍል ነው ሳይንሱ ትዝ ያለው።

ይህ ዕውቀት ከየት መጣ ካላችሁ አባቱን ላስተዋውቃችሁ። ዶክተር ሳሙኤል ካርትራይት ይባላል፤ የሉዊዚያና ሐኪም ነው። የጥቁሮችን ሳንባ በስፓይሮሜትር ለክቶ ያንሳል ያለ እሱ ነው። በ1851 ደግሞ ሁለት አዳዲስ በሽታዎች አገኘሁ ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ድራፔቶማኒያ ነው፤ ባሪያን ከጌታው እንዲያመልጥ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም። ሁለተኛውን ግን ቆማችሁ ስሙት፤ በእኛ ስም ነው የሰየመው። ዲስኤስቴዥያ ኤቲዮፒካ። ያኔ ጥቁር ሁሉ በኢትዮጵያ ስም ይጠራ ስለነበር ክብሩ ለእኛም ደረሰን። ምልክቱ ሥራ ላይ መለገም ነው። ሕክምናውንም ጽፎታል። በሽተኛውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ። መላ ሰውነቱን ዘይት መቀባት። ዘይቱን በሰፊ የቆዳ ጠፍር እየጠፈጠፉ ማስገባት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ከባድ ሥራ ማሠራት። ስፓ ነው እንግዲህ፤ ጠፍሩን ከቆጠርነው ማሳጁም አለበት።

አእምሮም አልቀረም። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ጭንቅላታቸው ለተጎዳ ጡረተኛ ተጫዋቾች ካሳ ሲከፍል፣ የአእምሮ ፈተናው የሚታረመው ጥቁሮች ከመጀመሪያውም ዝቅ ብለው ይጀምራሉ በሚል ስሌት ነበር። ዝቅ ብሎ የጀመረ ደግሞ ወረደ አይባልም። ሁለት ተጫዋቾች በ2020 ከሰሱ፤ ሊጉ በዓመቱ ይህን እተዋለሁ አለ።

ሕመም መቻላችንንም አልረሱም። በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ተለማማጅ ሐኪሞችን ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ የጥቁር ቆዳ ይወፍራል፣ ደሙ ቶሎ ይረጋል፣ የነርቩ ጫፍ ሕመም ያን ያህል አይሰማውም ከሚሉት ዓይነት የተሳሳቱ እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል። እነዚህን የተቀበሉት ደግሞ የጥቁሩን ሕመም አሳንሰው ገምተዋል፣ የመረጡት መድኃኒትም ልክ አልነበረም። ልጆቹ ላይ አልፈርድም፤ እኛም አግዘናቸዋል። ነርሷ «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው?» ስትል የእኛ እናት ጥርሷን ነክሳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ተመስገን ደግሞ ከአሥሩ ቁጥር ውስጥ የለም። አስተርጓሚዋ ልጅ ጨንቋት «ደህና ነኝ ትላለች» ብላ ታልፈዋለች። ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ ሲሰማ «ታዲያ ይሄ የእነሱ ጉዳይ አይደል? እኛ ሐበሻ ነን» የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። በየቡናው ላይ አለ። ፎርሙ ላይ «ሌላ» የሚለውን መርጦ ጎኑ ላይ ሐበሻ ብሎ በእስክሪብቶ የሚጽፍም አለ። ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ስታስገባው «ጥቁር» ትለዋለች፤ ማሽኑ ሦስት ሺህ ዘመን የሚባል ምርጫ የለውም። ኩላሊቱም በ1.21 ተባዝቶ ይመለስለት ነበር።

የራሳችን ሳጥን ይከፈትልን ለሚሉት ግን የምሥራች አለኝ። ተከፍቶልን ያውቃል፤ እስራኤል ውስጥ። በጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ እንዳወጣው፣ ማጌን ዳቪድ አዶም የተባለው የአገሪቱ የአምቡላንስ ድርጅት የሚያስተዳድረው የደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ኤችአይቪን በመስጋት ለዓመታት በድብቅ ሲጥለው ኖሯል። ጨዋነታቸውን ተመልከቱ። አንፈልግም ብለው ሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው። እጅጌ ይሰበሰባል፣ መርፌው ይገባል፣ ከረጢቱ ይሞላል፣ ለጋሹ ሰው አዳንኩ ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ደሙ ይደፋል። ወታደር ልጆች ሳይቀሩ እንዲህ ተስተናግደዋል። ወሬው ሲወጣ አሥር ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ፤ የጠበቀው አስለቃሽ ጭስ ነበር።

በ2013 ደግሞ ፕኒና ታማኖ-ሻታ፣ ሦስት ዓመቷ ሳለ እስራኤል የገባችው የፓርላማ አባል፣ እዚያው ክኔሴት ቅጥር ግቢ ውስጥ ደም ልስጥ ብትል ትውልድ አገሯ ታይቶ አይሆንም ተባለች። ቢበዛ ተወስዶ በበረዶ ይቀመጥልሽ ተባለ፤ ለሰው ግን አይሰጥም። በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ሚኒስትር መሆን ደም ከመስጠት ይቀላል ማለት ነው።

ሐቁን ለመናገር አሜሪካኖቹ መሻሻል ጀምረዋል። በ2021 የኩላሊት ሐኪሞቹ ማኅበርና ብሔራዊው የኩላሊት ድርጅት ዘር የሌለበትን ቀመር ተጠቀሙ አሉ። ክሬቲኒኑ ያው፣ ዕድሜው ያው፣ ጾታው ያው፤ ሳጥኗ ብቻ ቀረች። ለዚህ 22 ዓመት መውሰዱ ጥንቃቄ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ወረፋውን የሚመራው የአገሪቱ መረብ በማባዣው የተጓተቱት ጥቁሮች ተፈልገው ያጡት ጊዜ እንዲመለስላቸው ሆስፒታሎችን አዘዘ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወረፋቸው ተስተካከለ። ይህ የሆነው እንግዲህ እስከዚያ ቀን ወረፋው ላይ በሕይወት ለተገኙት ነው። በ2023 ለሳንባውም የመተንፈሻ አካል ሐኪሞቹ ማኅበር ዘር የማይጠይቀውን መለኪያ መከረ።

ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ግን ገና ናት። ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ ነው የምታነበው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ትናገራለች። ለጋስ ናት። በኮቪድ ጊዜ ማን ይተኛ፣ ማን ቤቱ ይሂድ የሚለው የተወሰነው በአመዛኙ በእሷ ነበር። በ2020 የሚቺጋን ሐኪሞች ከእሷ ንባብ ጎን ከደም ሥር የተቀዳውን ደም መረመሩ። መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 ባለችበት ጊዜ እውነተኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ልኬቶች 3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ልኬቶች 11.7 በመቶው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት አስቦበት አስቦበት በጃንዋሪ 2025 አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ እንዲፈትሿት የሚመክር ረቂቅ አወጣ። ረቂቅ ነው፤ አያስገድድም። የተሸጡት ሚሊዮኖች በየመሳቢያው አሉ። አንዷ የእኔ ናት፤ ባትሪዋን ትናንት ቀየርኩላት፤ 98 አለችኝ። እንዲህ የሚያሞግስ መሣሪያ ይጣላል እንዴ?