የሰማይ ደጅ ጠኚዎች

በአሜሪካ ቶርኔዶን፣ ማለትም ከደመና ወደ ምድር የሚወርደውን ብርቱ አዙሪት ነፋስ፣ በዓይናቸው ለማየት የሚዞሩ ሰዎች ወጀብ አሳዳጆች ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰው አንድ ሙሉ ቀን አብሯቸው ውሎ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን በቀየረ ነበር፤ ሰዎቹ ከሚያሳድዱበት ሰዓት ይልቅ ተገትረው የሚጠብቁበት ሰዓት እጅግ ይበልጣልና። በሜይ ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በምዕራብ ኦክላሆማ ወይም በካንሳስ ገላጣ ሜዳ መካከል ባለ አንድ ነዳጅ ማደያ ብታልፉ፣ አሥር አሥራ አምስት መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ቆመው ታገኛላችሁ። የመኪኖቹ ጣሪያ አንቴና አብቅሏል፤ የፊት መስታወታቸው ያለፈው ዓመት በረዶ የተወለት ስንጥቅ አለበት፤ ባለቤቶቻቸው ግንባራቸውን በእጃቸው ጋርደው ሽቅብ ያንጋጥጣሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ለምልክት ያህል እንኳ ደመና የለበትም።

ይህ በእኛ ቋንቋ ማሳደድ ሳይሆን ደጅ ጥናት ነው። ባለጉዳዩ ተሰልፏል፣ ማመልከቻውን ይዟል፣ ፊቱን አሳምሯል፤ ባለሥልጣኑ ግን ገና ቢሮ አልገባም።

ጥሪው የሚደርሳቸው በማለዳ ነው። በኦክላሆማዋ ኖርማን ከተማ የሚገኘው የወጀብ ትንበያ ማዕከል የአገሩን ካርታ እንደ አደጋው መጠን በአምስት ደረጃ ይቀባዋል፤ ከአረንጓዴ ይጀምርና በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ አልፎ ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀለም ላይ ያበቃል። ለአካባቢው ነዋሪ ቀዩ ቀለም ምድር ቤትህን አዘጋጅ፣ ልጆችህን ሰብስብ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ለአሳዳጁ ግን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ነው፤ ካሜራውን ጠርጎ፣ ባትሪውን ሞልቶ፣ ነዋሪው ጥሎት ሊሸሽ ወደሚያስበው ቦታ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ይሄዳል።

እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው እልፍኝ አስከልካዩን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳ እርጥብና ሞቃት አየር በሜዳው ላይ ወደ ሰሜን ይሳባል፤ ከምዕራብ በኩል ደግሞ ከደጋማው በረሃ የሚመጣ ደረቅ ትኩስ አየር ከላዩ ይደረብበታል። ይህ የተደረበው ትኩስ ንጣፍ እንደ ድስት ክዳን ሆኖ የታችኛውን አየር ወደ ላይ እንዳይወጣ ያፍነዋል። አሳዳጆቹ ‹‹ካፕ›› ይሉታል፤ ሲያወሩለት ብትሰሙ ግን ስለ አየር ንጣፍ ሳይሆን ጉቦ ስለማይቀበል ዘበኛ የሚያወሩ ይመስላችኋል። ‹‹ዛሬ ካፑ ጨክኗል፤›› ይላል አንዱ። ‹‹አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይላላል፤›› ይላል ሌላው፣ ዘመዱ እንደሆነ ሁሉ። የሚገርመው፣ ዘበኛው ጭራሽ ባይኖርም አይወዱም፤ ክዳን ከሌለ ደመናው ገና በጠዋቱ በየቦታው ይፈላና እርስ በርሱ ተሻምቶ ተራ ዝናብ ሆኖ ይቀራል። የሚፈልጉት ለሌላው ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ለእነርሱ ብቻ፣ ያውም ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ገርበብ የሚያደርግ ዘበኛ ነው። የዓለም ደጅ ጠኚ ሁሉ የሚመኘው እንዲህ ዓይነቱን አይደለምን?

እኔም አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ይህን ደጅ ጠንቻለሁ። በመኪናችን ውስጥ ሹፌሩ የሚናገረው ስለ መንገድ፣ ላፕቶፕ የያዘው የሚናገረው የአየሩ እርጥበት ስለሚለካበት የጤዛ ነጥብ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ምሳ አስብ ነበር። ባለ ላፕቶፑ ወደ ደቡብ እንሂድ አለ፤ ሹፌሩ እዚሁ እንቆይ አለ። ክርክሩ በሳይንስ ቋንቋ አንድ ሰዓት ተካሄደ። በመካከሉ ከወዲያኛው ጥግ የቆመ አንድ ነጭ መኪና ሞተሩን አስነሳ። ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ ሁለተኛው አስነሳ፤ ሦስተኛው በሩን ዘጋ፤ እግሩን ሊያፍታታ ሣር ላይ የተጋደመው ጎረምሳ ጫማውን በእጁ ይዞ ሮጠ፤ የእኛም ሹፌር የአንድ ሰዓት ክርክሩን ባንድ ጊዜ ረስቶ ቁልፉን አዞረ። ቆይቶ እንደተጣራው ባለ ነጩ መኪና ሙቀቱ በርትቶበት ማቀዝቀዣውን ለመክፈት ብቻ ነበር ያስነሳው። ማንም ማንንም አልተከተለም ነበርና ሁሉም ሞተሩን ያስነሳበትን የራሱን ምክንያት እየተናገረ አጠፋ። እኛ ባትሪያችንን እየፈተሽን ነበር።

ጥርት ባለው ሰማይ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የማደያው ሒሳብ ተቀባይ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ውኃ ልንገዛ ስንገባ፣ ‹‹ዛሬ ይመጣል እንዴ?›› ብለው ጠየቁን። ‹‹ተስፋ እናደርጋለን!›› አለ ባለ ላፕቶፑ በሙሉ ፈገግታ። የሴትዮዋን ፊት አየና፣ ‹‹ማለቴ፣ እንሰጋለን፤›› ብሎ አረመ።

የአሳዳጁ ጸሎት በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል የተሰነቀረ ነው። አምላኩን የሚለምነው ቶርኔዶ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዝናብ ያልሸፈነው፣ ለፎቶ የሚመች፣ ከመንገዱ የማይርቅ፣ ከሣር በቀር ምንም የማይነካ ቶርኔዶ። እንዲህ ተለክቶ የተሰፋ መዓት ከሰማይ ወርዶ አያውቅም ለማለት አልደፍርም፤ አልፎ አልፎ ይወርዳል። ዳሩ ግን የሚሽከረከረው ግዙፍ ደመና፣ ሱፐርሴል የሚሉት፣ ቢነሳም እንኳ አብዛኛው ቶርኔዶ ሳይወልድ ይበተናል፤ ከሚወለዱትም ብዙዎቹ አሥር ደቂቃ አይቆዩም። እስከዚያው የሚወርደው በረዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ቪቪያን በምትባል ስፍራ ከወደቁት አንዱ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። የመኪና መስታወት ስንጥቃቸውን ሳያሠሩ የሚዞሩት ገንዘብ አጥተው እንዳይመስላችሁ፤ ኒሻን ነው።

ዴቪድ ሆድሊ እ.ኤ.አ. በ1956 በሰሜን ዳኮታ ይህን ሥራ ሲጀምር በኪሱ ራዳር አልነበረም፤ ደመናውን በዓይኑ ያነብ ነበር። የዛሬው ደጅ ጠኚ ራዳሩን በስልኩ ይዞ ይዞራል፤ ሁሉም ያንኑ ራዳር ስለሚያይ ሁሉም ወደዚያው ገጠር መንገድ ይነዳል፤ ለሦስት ሰዓት ሰው የማያልፍበት አቧራማ መንገድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደ ከተማ መውጫ ይጨናነቃል። ራዳሩም ቢሆን የሚያሳየው ከደቂቃዎች በፊት የነበረውን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ ኤል ሬኖ አጠገብ የተነሳው ቶርኔዶ በድንገት እየሰፋ 4.2 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ዕድሜውን ለምርምር የሰጠው ቲም ሳማራስ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባቸው ከካርል ያንግ ጋር ሕይወቱ አልፏል። ይህን ታሪክ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ሲያነሡት ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሚቀልድም የለም። ከዚያ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ ሽቅብ ማንጋጠጡም ይቀጥላል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በምዕራብ በኩል አንድ የደመና ማማ ቀና አለ። ሁላችንም ከመኪና ወረድን፤ ካሜራዎች በሦስት እግር ቆሙ፤ አንዱ ሣር ነቅሎ ወደ ላይ በትኖ የነፋሱን አቅጣጫ ለካ፣ ምንም እንኳ ስልኩ አቅጣጫውን ቢነግረውም። ማማው ወደ ላይ ወጣ፣ አናቱ ነጣ፣ ቀጠነ፣ ዘንበል አለ፣ ከዚያም ከወገቡ ተበጥሶ እንደ ጭስ በነነ። እልፍኝ አስከልካዩ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ መሄዱ ነበር። ሲጨልም፣ እኩለ ቀን ላይ ባለፍንበትና ‹‹እዚህስ ምንም አይነሳም›› ባልንበት አገር በኩል፣ በስተደቡብ ከአድማሱ ሥር፣ መብረቅ ያለ ድምፅ ይብለጨለጭ ጀመር። ባለ ላፕቶፑ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ወደ ቤታችን እስክንገባ ‹‹ብዬ ነበር›› ሲል እሰማው ነበር።

ሴትዮዋ መብራት አጥፍተው በሩን ሲቆልፉ ሽቅብ አዩና፣ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ማረን፤›› አሉ።

‹‹አሜን፤›› አልን ሦስታችንም፣ ቆብ እያወለቅን። ሴትዮዋ መኪናቸው ውስጥ ገብተው እስኪርቁ በጨዋ ደንብ ጠበቅናቸው። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ነው በሹክሹክታ፣ ‹‹የነገው ቀይ ነብራስካ ላይ ነው፤ አሁን ብንነሳ ስንት ሰዓት እንገባለን?›› ያለው።