ቤትህ ግባ ያለችው እናት

ባለፈው ቅዳሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠራን። አምስት ነን። ቡናው እስኪፈላ አንድ የቆየ ፊልም አየን፤ «ሰንራይዝ አት ካምፖቤሎ» ይባላል። ዶሪ ሻሪ የተባለ ደራሲ ከጻፈው ተውኔት የተሠራ የ1960 ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አቦሉ ሳይጠጣ ክርክሩ ጦፈ።

ተውኔቱ ስለ አሜሪካው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ግን ፕሬዚዳንት ስለሆነው ሩዝቬልት አይደለም። ታሪኩ በ1921 ክረምት ይጀምራል። ሰውዬው 39 ዓመቱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ተሸንፏል። ካናዳ ውስጥ ካምፖቤሎ በምትባል ደሴት ከቤተሰቡ ጋር እያረፈ ነው። በጀልባ ሲሄዱ ያዩትን የደን እሳት ከልጆቹ ጋር ያጠፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል። በማግስቱ እግሩ እምቢ ይላል። ልምሻ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ተውኔቱ የሚያልቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሩዝቬልት በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ፣ አል ስሚዝ የተባለውን ፖለቲከኛ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርጎ ለማቅረብ በሕዝብ ፊት ይቆማል።

ከመካከላችን ትልቁ ሰው ድሮ አዲስ አበባ ቴአትር ይሠሩ ነበር። «ይኼ መድረክ ላይ ነው ማየት» አሉ። ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው ጥር 30 ቀን 1958 እንደሆነ ነገሩን። የሩዝቬልት የልደት ቀን ነው። ራልፍ ቤላሚ በዚህ ሥራ ቶኒ የተባለውን የቴአትር ሽልማት ወሰደ። ደግሞ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ጄምስ ኧርል ጆንስ የቤት አሽከር ሆኖ ተጫውቷል። ልጆቻችን ሁሉ «ላየን ኪንግ» ላይ በሙፋሳ ድምፁ የሚያውቁት ሰው!

በዕድሜ ትንሹ ግን አልተደሰተም። «ጋሼ፣ መጨረሻው ያጭበረብራል» አለ። «ሰውዬው ይነሳል፣ ይራመዳል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያየ ሰው ድኗል ብሎ ነው የሚወጣው። አልዳነም። እስኪሞት ድረስ ያለ ድጋፍ አልተራመደም።»

ጋሼ ሳቅ አሉ። «መቼ ድኗል አለህ? ብረቱን አላየኸውም? ከዳሌው እስከ እግሩ በብረት ታስሮ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚያ ላይ ያቆሙታል?»

«መጋረጃ የሆነ ቦታ መዘጋት አለበት፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ። ጃንሆይ በየካቲት 1945 ግብፅ ውስጥ ኩዊንሲ በተባለችው መርከብ ላይ ሩዝቬልትን ሲያገኙ የተነሱትን ፎቶ አስታወስኳቸው። ሩዝቬልት ካባ ደርቦ ተቀምጧል። ፎቶውን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው መነሳት የማይችል መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በዘመኑ ጋዜጦች ሲሸከሙት ወይም በዊልቸር ሲገፉት የሚያሳይ ፎቶ አያወጡም ነበር ማለት ይቻላል። እዚህ ዋሽንግተን ያለው መታሰቢያው እንኳ በ1997 ሲመረቅ ዊልቸሩ በግልጽ አይታይም ነበር። አካል ጉዳተኞች ታግለው፣ ገንዘብ አሰባስበው፣ በዊልቸር የተቀመጠው ሐውልት በ2001 ተጨመረ። ይህ ተውኔት ግን ገና በ1958 ሰውዬውን ወለል ላይ አስቀምጦታል። ሩዝቬልት እሳት ቢነሳ ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ይፈራ ነበር፤ ስለዚህ በክንዱ እየተጎተተ መውጣትን ይለማመዳል። ይህን ያሳየ ሰው አጭበረበረ አይባልም።

ልጁ በዚህ በኩል ለቀቀኝ፤ በሌላ በኩል መጣ። «የሚስቱስ ነገር?» አለ። ኤሌኖር በ1918 ሌላ ሴት ለባሏ የጻፈችለትን የፍቅር ደብዳቤዎች አግኝታ ነበር። ተውኔቱ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም።

የቤቱ ባለቤት ነርስ ናት። «ኧረ ተዋቸው» አለች። «በ1958 እኮ ሴትዮዋ በሕይወት አለች።» እሷ ይልቅ ያበሳጫት የሐኪሞቹ ስህተት ነው። መጀመሪያ የመጡት በሽታውን አልለዩም። አንዱ የደም መርጋት ነው ብሎ እሹት አለ። ኤሌኖርና የሩዝቬልት የፖለቲካ አማካሪ ሉዊስ ሃው ያን የሚያቃጥል እግር ቀናት ሙሉ አሹት። በኋላ ዶክተር ሎቬት መጥቶ ነው ያስቆማቸው። «ሕመሙን አስቡት» አለች፤ ጀበናውን ይዛ ዝም ብላ ቆየች።

ዋናው ጠብ የተነሳው ግን በእናትየዋ ነው። ሳራ ሩዝቬልት ልጇ ፖለቲካውን ትቶ ሃይድ ፓርክ ወዳለው ርስታቸው እንዲመለስ ትፈልጋለች። ያርፍ፣ መጽሐፉን ያንብብ፣ ቴምብሩን ይሰብስብ። ሉዊስ ሃው ደግሞ እምቢ ይላል። ራሱ አስም የሚያሰቃየው፣ ከጋዜጠኝነት የመጣ ሰው ነው። ይህ ሰው ፕሬዚዳንት ይሆናል ብሎ ምሏል። ኤሌኖርንም ሕዝብ ፊት እንድትናገር የሚያሠለጥናት እሱ ነው፤ ስትደነግጥ የሚያመልጣትን ሳቅ እንድትተው ይመክራታል።

«እናትየዋ ክፉ ናት» አለ ትንሹ። «የ39 ዓመት ሰው ቤት ልትቆልፍበት!»

«ክፉ አትበላት» አለች ነርሷ። «እናት ናት፤ ምን ታድርግ? አንተ ብትታመም እናትህ ምርጫ ተወዳደር ትልሃለች?»

ሁለቱ ሲጯጯሁ እስካሁን ዝም ያለው አምስተኛው ሰው ስኒውን አስቀመጠ። እሱንም ልጅ ሳለ ልምሻ መቶታል፤ አንድ እግሩን ይስባል። ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም።

«እናቴ እስከ ስምንት ዓመቴ አዝላኛለች» አለ። «ቤተ ክርስቲያን አዝላኝ፣ ገበያ አዝላኝ። ትምህርት ቤት ግን አልላከችኝም። ልጆች ይገፉታል ብላ። አጎቴ ከወይራ ምርኩዝ ጠርቦ መጣ። ካልሄደ እኔ አንቺ ቤት አልገባም አላት። ሁለት ሳምንት አኮረፈችው። ያን ሰው ሉዊስ ሃውን ሳየው አጎቴን አየሁ። ግን እናቴ ተሳስታለች የሚል ካለ ደግሞ እጣላዋለሁ። ያዘለችኝ ጀርባ ባይኖር ምርኩዙ ላይ አልደርስም ነበር።»

ማንም አልመለሰለትም። ከዚያ ወደ መጨረሻው ትዕይንት ዞሮ አንድ ነገር ጨመረ። በእውነተኛው ቀን ሩዝቬልት ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ማይክሮፎኑ ያለበትን ማቆሚያ እንዲነቀንቅለት ጠይቋል፤ ክብደቱን ይሸከም እንደሆነ ለማወቅ። ንግግር ሲያደርግም በሁለት እጁ ይዞት ነበር፣ እጁን እንኳ ለሰላምታ ማንሳት አልቻለም። «ይኼ መነቅነቅ የገባኝ እኔ ነኝ» አለ። «የማላውቀው ቤት ስገባ ወንበሩን እንደዚያ ነው የምነካው።»

እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ? ስለ ትዳሩ፣ ዝምታው ተውኔቱን አጉድሎታል። ኤሌኖር በዚያ አልጋ አጠገብ ቆማ እግር ስታሽ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ብናውቅ ኖሮ ትዕይንቱ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር። ቢሆንም ሴትዮዋ በሕይወት እያለች እኔም ብሆን አልጽፈውም። ስለ መጨረሻው ከጋሼ ጋር ነኝ። ቀጥሎ የመጣውን እናውቀዋለን፤ ጉባኤው 103 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ስሚዝን ጣለው። ሩዝቬልት የኒውዮርክ ገዥ ሆኖ የተመረጠው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለፕሬዚዳንትነት ደግሞ በ1932 ነው። ያ ሁሉ መድረኩ ላይ ቢመጣ የእነዚያ ጥቂት እርምጃዎች ዋጋ ይጠፋ ነበር።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ከእናቱ ጋር የተጣላበት ትዕይንት ነው። የሰውዬው የፖለቲካ ሕይወት የተወሰነው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጉባኤው ላይ አይደለም። አንድ ቀን የእኛ ልጆች ይህን ተውኔት በአማርኛ ቢሠሩት፣ የሳራን ቦታ ከሁሉም ለምትበልጠዋ ተዋናይት ይስጡልኝ። ክፉ አማት አድርጋ አትጫወተው። ተመልካቹ በልቡ «እውነቷን ነው፣ ቤቱ ይግባ» እስኪል ድረስ ትለምነው። ልጇ እምቢ የሚለው ያኔ ይሁን።