የታገደው አባሉ፣ የተቀጣው ነዋሪው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የከተማ ምክር ቤት ጥፋት የሠራ አባሉን በራሱ ድምፅ እንዲያሰናብት ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ንዴቱ ይገባኛል፤ መፍትሔውን ግን አልቀበልም። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሦስት የምክር ቤት አባላት ስለ ምርጫ ክልል አከላለል ሲመክሩ በድብቅ የተቀዳው ድምፅ ሲወጣ፣ ሰብሳቢዋ ኑሪ ማርቲኔዝ የባልደረባዋን ትንሽ ጥቁር ልጅ በዘረኛ ቃል ስትዘልፍ ሰማን። አባትየው ማይክ ቦኒን በስብሰባው ላይ እንባ እየተናነቀው ሲናገር ያየሁበት ቀን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እርሷ በቀናት ውስጥ ለቀቀች። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ኬቨን ደ ሊዮን ግን አልለቅም፣ አሻፈረኝ አለ። ምክር ቤቱ በይፋ አወገዘው፤ ቻርተሩ፣ ማለትም የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ፣ ማባረር ስለማይፈቅድለት ሰውየው በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ እየተከፈለው ቀጠለ። በመጨረሻ ያነሡት በ2024 መራጮቹ ናቸው።

አሁን ደግሞ የሌላውን የምክር ቤቱን አባል፣ የማርክ ሪድሊ ቶማስን ጉዳይ ተመልከቱ። በ2021 በፌዴራል የሙስና ክስ ሲከሰስ ምክር ቤቱ ወዲያው አገደው። ወረዳው አሥረኛው ነበር፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው የእኛዋ ትንሿ ኢትዮጵያም በዚያው ወረዳ ናት። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው በ2023 ነው፤ ያ ሁሉ ነዋሪ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለወራት በምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥለት ሰው አጣ። ምን አጥፍቶ? አጥፊው ከኮሚቴዎች ይነሣ፣ የጉዞና የጽሕፈት ቤት ገንዘቡ ይቆረጥ፤ እደግፋለሁ። ወንበሩን የሚያስለቅቁት ግን የመረጡት ሰዎች ይሁኑ፤ አባል በታገደ ቁጥርም ማሟያ ምርጫ በፍጥነት እንዲካሄድ ቻርተሩ ውስጥ ይጻፍ።