ግማሹን ለምናጠፋው ሰርቨር ለምን ሙሉውን እንገዛለን?

ሰኔ 30 ሲቃረብ ግዢ ክፍል እንቅልፍ የለውም። በጀቱ ተመላሽ ከሚሆን የሆነ ነገር ይገዛ ይባላል። ጅማም ከዚህ አላመለጠችም። በዚህ ሰሞን ከሚገዙት ዕቃዎች መካከል ሰርቨር አይጠፋም፤ አንዳንዱም ከሚጠበቅበት ሥራ እጅግ የገዘፈ ነው። ስፔሲፊኬሽኑን የጻፈው ሰው «ትልቅ ይሻላል፣ ነገ ያስፈልገናል» ብሎ አስቦ ነው። ክፋት የለበትም። ግን ሰርቨሩ ላይ የሚጫነውን ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃውን የሚያከማቸውን ሶፍትዌር፣ ማንም አልጠየቀውም።

እንደ ኦራክል ላሉ ዳታቤዞች ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን በሚሠሩት ክፍሎች፣ ብዛት ነው። እስቲ እናስላው። ባለ16 ኮር ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር 32 ኮር አለው። ለተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ኦራክል ይህን በ0.5 ያባዛዋል፤ 16 ላይሰንስ ይሆናል። ለዓመታት በቆየው የዝርዝር ዋጋ የውዱ ዓይነት፣ የኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን፣ አንዱ ላይሰንስ 47,500 ዶላር ነው። ድምሩ 760,000 ዶላር! በየዓመቱ የሚከፈለው ድጋፍ ደግሞ 22 በመቶ፣ ማለትም 167,200 ዶላር። ተደራድሮ ቅናሽ ይገኛል፤ ከምን ላይ እንደሚቀነስ ግን እዩት። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ወደ ብር መቀየሩን ለእናንተው ልተወው።

ይሄኔ ከአይቲ ክፍል አንዱ «ታዲያ ትርፍ ኮሮቹን ዲሴብል እናድርጋቸው፣ እንዝጋቸው» ይላል። 8 ኮር ብቻ ቢቀር 4 ላይሰንስ ይበቃል፤ 190,000 ዶላር።

ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ የተዘጋ ኮርን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጭራሽ አያየውም። የቀሩት ኮሮች የጋራ ካሹን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ፈጣን ሚሞሪ) ለብቻቸው ይካፈላሉ፣ ሙቀቱም ስለሚቀንስ ፈጠን ብለው ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱን ፕሮሰሰር ነቅሎ ማውጣት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ከእሱ ጋር የተያያዙት የሚሞሪና የካርድ ማስገቢያዎች አብረው ይሞታሉ። ኮሩን እንደ ሊኑክስ ካለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ማጥፋትም ይቻላል። ግን በአንድ ትእዛዝ የጠፋ ኮር በአንድ ትእዛዝ ይበራል። ይህን የላይሰንስ አጠቃቀማችሁን ለሚያጣራ ኦዲተር አስረዱ እስቲ።

ዋናው ጥያቄ ውሉ ምን ይላል ነው። የኦራክል ውል የሚቆጥረው ሶፍትዌሩ «የተጫነበትን ወይም የሚሠራበትን» ፕሮሰሰር ሁሉ ነው። የተዘጋ ኮር ከዚህ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? እናንተ አይገባም ትላላችሁ፤ ሻጩ ይገባል ሊል ይችላል። እኔን የሚያበሳጨኝ ኩባንያው ራሱ በሚሸጣቸው እንደ ኤክሳዳታ ባሉ ማሽኖች ላይ ኮር ዘግቶ ለተከፈተው ብቻ መክፈል መፍቀዱ ነው። በእሱ ማሽን ሲሆን አሠራር፣ በእኛ ማሽን ሲሆን ክርክር!

ርካሹ የኦራክል ዓይነት፣ ስታንዳርድ ኤዲሽን 2፣ ደግሞ ኮር ሳይሆን ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ነው የሚቆጥረው። ግን ሰርቨሩ መያዝ የሚችለው ከሁለት ሶኬት መብለጥ የለበትም። ባለአራት ሶኬት ሰርቨር ገዝታችሁ ሁለቱን ባዶ ብትተዉም አያልፍም። ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ በኮር ሲገዛም ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 4 ኮር ያስከፍላል።

ስለዚህ ኮር ማጥፋት ጨረታው ላይ የተሠራን ስህተት ዘግይቶ ማረም ነው። ሄርማታ ገበያ ያለ የቡና ነጋዴ እንኳ መጋዘን ከመከራየቱ በፊት ስንት ኩንታል እንደሚያስገባ ያሰላል። እኛ ግን ሰርቨሩን በአንድ ጨረታ፣ ሶፍትዌሩን በሌላ ጨረታ እንገዛለን፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ላይሰንሱ ይወሰን፤ ሰርቨሩ በእሱ ልክ ይመረጥ። ጥቂት ግን ፈጣን ኮር ያላቸው ፕሮሰሰሮች ገበያ ላይ አሉ። ለምሳሌ የኤኤምዲው ኤፒክ 72ኤፍ3 8 ኮር ብቻ ይዞ 256 ሜጋባይት ካሽ አለው። ስፔሲፊኬሽን ላይ «ቢያንስ 32 ኮር» ብሎ የሚጽፍ ኮሚቴ ይህን ፕሮሰሰር ገና ከበር ይመልሰዋል።

«ክራክ አድርገን (የላይሰንስ ቁልፉን ሰብረን) እንጠቀም» የሚለውን ጨዋታ እንተወው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ደግሞ የሕመምተኛ ወይም የተማሪ መረጃ በተሰበረ ሶፍትዌር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ከዚያ በፊት ግን ኦራክል በእርግጥ ያስፈልገናል ወይ? የደመወዝ፣ የንብረትና የመዝገብ ሥራ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ፖስትግሬስ የተባለው ነፃ ዳታቤዝ ከበቂ በላይ ይመስለኛል። ላይሰንስ አይከፈልበትም፣ ኮርም አይቆጥርም። የሚያስተዳድረው ባለሙያ ማሠልጠን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያ ገንዘብ ግን እዚሁ ጅማ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተምረው ለወጡ ልጆች ሊከፈል ይችላል።

ትልቁን ሰርቨር ቀድሞ የገዛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ኮር ከማጥፋቱ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከውሉ ጋር ያያይዝ። በስልክ የተባለ «ችግር የለም» ኦዲት ሲመጣ አያገለግልም። ሻጩ እምቢ ካለ ዳታቤዙን ባለጥቂት ኮር ትንሽ ሰርቨር ላይ ማኖር ይቀላል። ግዙፉ ማሽን ከነሙሉ ኮሩ ለባክአፕና ለሌሎች ሲስተሞች ይሥራ።