ፍላሽ ይዞ በባጃጅ

ሲያትል አሥራ አራት ዓመት ስኖር እንጀራዬ አንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ብቻዬን ጽፌ ብቻዬን እሸጣለሁ፤ ለትናንሽ ጋራዦች የመለዋወጫ ዕቃ የሚመዘግብ፣ መልክ የሌለው ነገር ነው። ደንበኛው በካርድ ይከፍላል፣ የመክፈቻ ቁልፉ በኢሜይል ይደርሰዋል፣ እኔ ጠዋት ስነሳ ገንዘቡ ገብቶ ይጠብቀኛል። የአንዱንም ደንበኛ ፊት አላውቅም። ዘንድሮ ጅማ ስገባ ታዲያ ፕሮግራም ለሚጽፈው የእህቴ ልጅ ምክር ቋጥሬ ነበር የሄድኩት፦ "ስልኩን ተወው፣ ዴስክቶፕ ላይ ሥራ።"

ልጁ ሳቀብኝ። የስልኩን ሥራ ሞክሮ፣ እጁ ተቃጥሎ ጨርሷል።

ለቡና ሰብሳቢ ነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠራ የአንድሮይድ አፕሊኬሽን ጽፎ ነበር። የጉግል ፕሌይ መመዝገቢያ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ነው (አፕል በየዓመቱ 99 ይጠይቃል)፤ እሱን በእኔ ካርድ ከፈልን። ግን ከኅዳር 2016 ዓ.ም ወዲህ በተከፈተ የግል አካውንት አፕሊኬሽን ለሕዝብ ለማውጣት 12 ሰው ሳያቋርጥ 14 ቀን ሊሞክረው ይገባል። መጀመሪያ 20 ነበር፣ ደግነቱ ቀነሱት። እኔ ሲያትል ውስጥ በስም የማውቃቸው 12 ጎረቤቶች የሉኝም። ጅማ ላይ ግን 12 ሰው አንድ ቡና የተፈላበት ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ሰፈሩን ለቃቅሞ አስገባ። በዘጠነኛው ቀን የአክስቱ ልጅ "ስልኬ ሞላብኝ" ብላ አጠፋችው፣ ከሙከራውም ወጣች። የሠርግ ቪዲዮ አልገባ ብሏት ነው። ቆጠራው እንደገና ከአንድ።

ኋላ ወጣለት። ነጋዴው ግን ፋይሉን በቴሌግራም አንዱ ለአንዱ ላከና ገበያውን አዳረሰው፤ አንድም ሰው ብር አልከፈለም። እኛ እዚያ የአፕሊኬሽን ሱቆቹ ከሽያጫችን 15 በመቶ ወሰዱብን ብለን እናማርራለን። "ጋሼ፣ የዜሮ 15 በመቶ ስንት ነው?" አለኝ።

አሁን የሚሸጠውን የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሊያሳየኝ ሂርማታ አካባቢ ወዳለ አንድ የቡና መጋዘን ወሰደኝ። ኮምፒዩተሩ ዳንቴል ለብሷል። ውስጡ ያለው ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ድጋፉን ያቆመለት ዊንዶውስ 7 ነው፤ ስለዚህ ልጁ አዳዲሱን መሣሪያ ሁሉ ትቶ በድሮው ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎታል። ዳታው እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መዝጋቢዋ ከሚዛኑ ያነበበችውን ኪሎ ታስገባለች፣ ፕሮግራሙ ለ17 አካፍሎ ፈረሱላውን ከነዋጋው ያወጣል። የጀንፈል ጆንያዎቹ ተመዝነው 612 ብላ አስገባች፤ 36 አለ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ጮኸ፤ እሷ ግን ቀና እንኳ ሳትል ወደ ካርኒዋ ዞረች። እያንዳንዱ መስመር እንደተጻፈ ስለሚቀመጥ የሚጠፋባት ነገር እንደሌለ ታውቃለች። እኔ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሜ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ሽያጩም ሌላ ዓለም ነው። ፍላሹን ኪሱ ከቶ በባጃጅ ይሄዳል፣ ይጭናል፣ ቁጭ ብሎ ያስተምራል፣ ግማሹን በቴሌብር ይቀበላል። እንዳይገለበጥ ከማሽኑ ጋር አስሮታል፤ ታዲያ አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን ፎርማት ባስደረገ ቁጥር ይደወልለታል። እኔ በወር የማላነሳውን ስልክ እሱ በቀን ያነሳል። ዴስክቶፕ ይሻላል ስለው፣ ለካ ያወራሁት ስለ ካርድ ኖሯል፤ እኔን ያኖረኝ ዊንዶውስ ሳይሆን ሌሊት በራሱ የሚከፈለው ክፍያ ነው።

መብራቱ ሳይመለስ ባለቤቱ ገቡ። ሁለት ስልክ ይዘዋል።

"ይሄ ነገር ጥሩ ነው፣" አሉት፣ "ግን እኔ እዚህ አልውልም። ስልኬ ላይ አድርግልኝ።"

ልጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ምክሬ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ ዝም አልኩ።

"ስልክዎ ላይ አልጭንም፣" አላቸው። "ማታ ኔትወርክ ሲገኝ የቀኑን ድምር በቴሌግራም ይልክልዎታል።"

"በፈረሱላ?"

"በፈረሱላም፣ በብርም።"

"እንግዲያ ቀሪውን ግማሽ፣" አሉ ወንበር እየሳቡ፣ "መልእክቱ የደረሰኝ ቀን እከፍልሃለሁ።"